ጋሼ አራሚ፣ ቀኑን ይንገሩን!

ጋሼ አራሚ፣ ዛሬ ተራው የእኔ ነው። ሰው በስብሰባ መሀል እንግሊዝኛ ሲናገር ጣት ቀስረው «ተሳስተሃል!» የሚሉት እርስዎ ነዎት። የተማሪ ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ የሚያለብሱት፣ ሠርግ ቤት ተቀምጠው «ይህ የእንግሊዝኛ ቃል ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ?» ብለው የሚተርኩትም እርስዎ ነዎት። ስምዎን አልጠራም፤ በየክፍሉ፣ በየቢሮውና በየካፌው ስላሉ አንድ ስም አይበቃዎትም።

እንግሊዝኛ ማወቅዎን አልጠላሁም። የጠላሁት ያላጣሩትን ነገር ሕግ ብለው ልጅ ማሸማቀቅዎን ነው። በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ጊዜ በክፍል ፊት የተሳቀበት ልጅ ሁለተኛ እጁን አያወጣም፤ እንግሊዝኛውን ብቻ ሳይሆን ፊዚክሱንና ባዮሎጂውን የሚጠይቅበት አፉም አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ የምጠይቅዎ ሁለት ነገር ነው። ሕግ ነው ካሉ፣ ማን አወጣው? የቃሉ ምንጭ ይህ ነው ካሉ፣ መጀመሪያ መቼ ተጻፈ? የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ይጀምሩ፤ እመልሳለሁ።

«ዐረፍተ ነገር በመስተዋድድ አያልቅም!»

ከልካዩን ልንገርዎት። ጆን ድራይደን የሚባል ገጣሚ በ1672 ከእሱ በፊት የነበረውን ጸሐፌ ተውኔት ቤን ጆንሰንን «መስተዋድድ መጨረሻ ላይ አስቀመጠ» ብሎ ተቸው። ጆንሰን ከሞተ 35 ዓመት ሆኖት ነበርና መልስ የሚሰጥ አልነበረም። ድራይደን በዚህ አላበቃም፤ የራሱን የቀድሞ ድርሰት እንደገና ሲያሳትም ያንኑ ዓይነት መስተዋድድ ከየመጨረሻው እየነቀለ ወደ መሀል አስገባ። ሳይጠነቀቅ ሲጽፍ እንደ ማንኛውም እንግሊዛዊ ይጽፍ ነበር ማለት ነው። ታዲያ አንድ ገጣሚ በሙት ላይ የሰነዘረው ትችት እንዴት የሕዝብ ሕግ ይሆናል?

«ኋላ ሊቃውንት አጸደቁት» እንዳይሉኝ። ኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነው ሮበርት ላውዝ በ1762 የሰዋስው መጽሐፍ አሳትሟል። እሱ የጻፈው፣ መስተዋድድ መጨረሻ ላይ መዋሉ በጭውውትና በቀላል ጽሑፍ የተለመደ መሆኑን፣ ለከበደ ጽሑፍ ግን ቀድሞ ቢገባ እንደሚያምር ነው። ይህ ምርጫ ነው፤ ክልከላ አይደለም። እንግሊዝኛ ወደዚህ አነጋገር አጥብቆ እንደሚያዘነብል የተናገረበትን ሐረግም ራሱ በመስተዋድድ ነው የጨረሰው። በ1926 ደግሞ ሄንሪ ፋውለር በታወቀው የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገበ ቃላቱ ክልከላውን ከአጉል እምነት ቆጠረው። እንግሊዝ ‹ሁ አር ዩ ቶኪንግ ቱ?› ብሎ ይጠይቃል። ልጅዎ እንደዚያ ቢጠይቅዎ ይመልሱለት እንጂ አያርሙት።

«የእንግሊዙ መሪ ቸርችል እንኳ በዚህ ሕግ ቀልዷል» ብለው ሊያልፉ ነው? ቀልዱ ጥሩ ነው። ቸርችል መናገሩን የሚያጸና ማስረጃ ግን የለም። ለታዋቂ ሰው የተሰጠ ቃል ሁሉ የታዋቂው ሰው አይደለም።

«‹ቱ›ን ከግሱ መነጠል ነውር ነው!»

የካንተርበሪው ካቴድራል አለቃ ሄንሪ አልፎርድ በ1864 በ‹ቱ›ና በግሱ መሀል ተውሳከ ግስ ማስገባት በእንግሊዝኛ ተናጋሪና ጸሐፊ ዘንድ የማይታወቅ ነገር ነው ብሎ ጻፈ። ይታወቅ ነበር! ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጽሑፍ ይገኛል። «በላቲን ግሱ አንድ ቃል ስለሆነ አይከፈልም» ብለው እንደሚከራከሩ አውቃለሁ። እኛም ‹መሄድ›ን አንከፍለውም፤ አንድ ቃል ነዋ! እንግሊዝኛ ግን ሁለት ቃል አለው። በገዛ ሁለት ቃሉ መካከል ሦስተኛ ቢያስገባ የላቲን ፈቃድ የሚጠይቀው ለምንድን ነው? በ1966 የተጀመረው ስታር ትሬክ የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ በመክፈቻ ንግግሩ በ‹ቱ›ና በ‹ጎ› መካከል ‹ቦልድሊ› የሚል ቃል አስገብቷል። ቃሉን ከዚያ ያንሱትና ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ምቱ ሲሰበር ጆሮዎ ይፈርድልኛል።

«ሁለት አሉታ ተጣፍቶ አዎንታ ይሆናል፤ ሂሳብ ነው!»

ሂሳቡን ለሂሳብ መምህሩ ይተዉለት። ጄፍሪ ቾሰር በ14ኛው ክፍለ ዘመን በካንተርበሪ ተረቶቹ መግቢያ ላይ ስለ አንድ ጨዋ ፈረሰኛ ሲጽፍ በአንድ ሐሳብ ውስጥ አራት አሉታ ደርድሯል። ሰውየው በዕድሜው ሁሉ ለማንም ክፉ ቃል ተናግሮ አያውቅም ለማለት ነው። በእርስዎ ሂሳብ አራት አሉታ ተጣፍቶ ፈረሰኛው ተሳዳቢ ሊሆን ነው! ሼክስፒርም አሉታን በአሉታ ያጠናክር ነበር። የማጣፋቱን ሂሳብ መጽሐፍ ውስጥ ያስገቡት የ18ኛው ክፍለ ዘመን የሰዋስው ጸሐፊዎች ናቸው።

እርስዎስ ጋሼ፣ «አልበላሁም» ሲሉ ‹አል›ን ከፊት፣ ‹ም›ን ከኋላ አያደርጉም? ሁለቱ ተጣፉና በሉ ማለት ነው? ምሳ ቀርቦ «አልበላሁም» ቢሉ አስተናጋጁ ሂሳብ ሠርቶ ሰሃኑን ያንሳው?

ለተማሪዎ ግን እውነቱን ይንገሩት። በዛሬው መደበኛ የጽሑፍ እንግሊዝኛ ድርብ አሉታ አይጻፍም፤ ፈተና ላይ ቢጽፈው ነጥብ ያጣል። ይህን ማስተማር ተገቢ ነው። ተናጋሪው ያላለውን ተቃራኒ አፉ ላይ መለጠፍ ግን ማስተማር አይደለም።

«‹ኤንድ› ብሎ ዐረፍተ ነገር መጀመር አይቻልም!»

በ1611 የታተመውን የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ይክፈቱ። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ አንድ 31 ቁጥሮች አሉት፤ 29ኙ በ‹ኤንድ› ይጀምራሉ። ዕብራይስጡ እንዲሁ ነው። ቄስ ትምህርት ቤት የተማረ ሰውማ ይህ ምንም አይደንቀውም፤ ግእዙ ‹ወይቤ›፣ ‹ወኮነ› እያለ ነው ነገሩን የሚያስኬደው። ዓለም በ‹ኤንድ› ተፈጥሮ የተማሪ ድርሰት በ‹ኤንድ› አይጀመርም ይባላል? ልጁ በየመስመሩ ሲደጋግመው «ይሰለቻል፣ ቀያይረው» ይበሉት። ይህ ምክር ነው፤ ይጠቅመዋል። «ክልክል ነው» ካሉት ግን ከልካዩን ይጥሩልኝ።

«‹ዘይ› ለብዙ ሰው ነው፤ ለአንድ ሰው ማለት የዘመኑ ብልሽት ነው!»

ጋሼ፣ ከጽሑፌ መጀመሪያ አንስቶ «እርስዎ ይላሉ፣ እርስዎ ይከራከራሉ» እያልኩዎ ነው። ስንት ሰው ነዎት? ጎረቤትዎ «ጋሼ መጡ» ሲል ስንት ሰው መጣ ብለው በር ላይ ቆጠሩ? አማርኛ ‹መጡ›ን ለብዙ ሰውም፣ ለአንድ የተከበረ ሰውም ያውላል፤ ማንም አልተደናገረም። የእኛ ምክንያት አክብሮት ነው፤ የእንግሊዝኛው ምክንያት ሰውየው ወንድ ይሁን ሴት አለመታወቁ ነው። ብዙውን ለአንድ ማዋል ግን ቋንቋን እንደማያፈርስ እርስዎ ራስዎ ምስክር ነዎት።

የዘመን ብልሽት ነው ላሉትም ቀኑ ይኸውና፤ ለአንድ ሰው የሚሆን ‹ዘይ› ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል። ጄን ኦስተን በልብ ወለዶቿ ደጋግማ ተጠቅማበታለች። አዲሱስ የቱ ነው? የወንዱ ተውላጠ ስም ሴቷንም ይጠቅልል ብሎ የእንግሊዝ ፓርላማ ለሕግ አጻጻፍ የደነገገው በ1850 ነው። ከሁለቱ ታናሹ የቱ እንደሆነ ይቁጠሩ። በዘመናችን የተጨመረው፣ ራሳቸውን ወንድ ወይም ሴት ብለው የማይጠሩ ሰዎች ‹ዘይ›ን ለራሳቸው መምረጣቸው ነው፤ ሜሪያም ዌብስተር የተባለው መዝገበ ቃላትም በ2019 የዓመቱ ቃል ብሎታል።

ደግሞስ በየቀኑ የሚጠሩት ‹ዩ› ምን ነበር? የብዙ ነበር! ለአንድ ሰው ‹ዛው› ይባል ነበር። ‹ዩ› ለአንድ ሰው ሲነገር የተቆጡ ነበሩ። ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች መሪ ጆርጅ ፎክስ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር በ1660 «‹ዩ› ለብዙ፣ ‹ዛው› ለአንድ» ብሎ የሚሞግት መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ ‹ዛው› ጸሎትና ጥንታዊ ግጥም ውስጥ ቀረ፤ ‹ዩ› ዓለምን ሞላ። በ1660 ቢኖሩ ኖሮ ‹ዩ› ያለውን ልጅም ያርሙት ነበር ማለት ነው።

«ጥቁር አሜሪካውያን ‹አስክ› ማለት አቅቷቸው ‹አክስ› ይላሉ!»

ይህኛውን ቀስ ብለው ያድምጡኝ፤ ሰው የሚያቆስል ነውና። በጥንቱ እንግሊዝኛ ሁለቱም ቅርጽ ጎን ለጎን ነበሩ። ቾሰር ‹አክስ› ብሎ ጽፏል። በ1535 የታተመው የማይልስ ከቨርዴል መጽሐፍ ቅዱስ «ለምኑ፣ ይሰጣችኋል» የሚለውን የጌታን ቃል በ‹አክስ› ነው ያስቀመጠው። ያ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የታተመ የመጀመሪያው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። እንግዲህ ያፌዙበት አነጋገር ቅዱስ መጽሐፍ ላይ የነበረ፣ ከአንዳንድ የእንግሊዝ አካባቢዎች ዛሬም ያልጠፋ አነጋገር ነው። ዋሽንግተንም ሆነ አትላንታ የሚኖረው ወገኔ ይህን ሲሰማ እንዳይስቅ አደራ እላለሁ። በአነጋገር መሳለቅን እኛ በገዛ ገጠራችን ሰው ላይ አይተነዋል፤ የሚጎዳውን እናውቃለን።

ሕግዎ እዚህ ላይ ይብቃው። አሁን ወደ ተረትዎ ልግባ።

«‹ጎልፍ› ማለት ‹ለወንዶች ብቻ፣ ሴት አይግባ› የሚሉት የአራት ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው!»

ቀኑ? የስኮትላንድ ፓርላማ በ1457 በዳግማዊ ጄምስ ዘመን ሰው ቀስት መለማመዱን ትቶ ጎልፍና ኳስ ላይ ጊዜ እንዳያጠፋ ደነገገ። ቃሉ ያኔ አንድ ቃል ሆኖ ተጽፏል። የደች ቋንቋ ለመምቻ ዱላ ከሚለው ቃል ጋር ዝምድና እንዳለው ይገመታል። በመጀመሪያ ፊደላት ቃል መሥራት ከ20ኛው ክፍለ ዘመን በፊት ብርቅ ነበር። ስለዚህ የድሮ ቃል በፊደል ሲተነተንልዎ ኪስዎን ይያዙ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

«‹ኒውስ› ሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ደቡብ ነው!»

ለጋዜጠኛ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ዜና ከአራቱም ማዕዘን ይመጣልና። እውነቱ ግን ‹ኒው› አዲስ ነው፤ ‹ኒውስ› አዳዲስ ነገሮች። ፈረንሳይኛውም ‹ኑቬል› ሲል ያንኑ ማለቱ ነው። ድሮ ሲጻፍ በመሀሉ ሌላ ፊደል ነበረው፤ ‹ኢ› ከ‹ደብሊዩ› በኋላም ይጻፍ ነበር። ያ አምስተኛው ፊደል የትኛው ማዕዘን ነው ጋሼ? ይህን ተረት ለጋዜጠኝነት ሠልጣኝ የሚነግር ሁሉ ከሙያው የመጀመሪያውን ትምህርት እየጣሰ ነው። ዜና ከመነገሩ በፊት ይጣራል!

«‹ኦኬ› ከጦር ሜዳ የመጣ ነው፤ ‹ዜሮ ሞተ› ማለት ነው!»

ይኸው ቀኑ፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 ቀን 1839፣ ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት ጋዜጣ። በዚያ ዘመን የቦስተን ጋዜጠኞች ሐረግን ሆን ብለው እያበላሹ ጽፈው በመጀመሪያ ፊደላቱ ማሳጠር ፋሽን አድርገውት ነበር። ‹ኦል ኮሬክት› የሚለውን በ‹ኦ›ና በ‹ኬ› የሚጀምር አስመስለው ጻፉት፤ አሳጠሩት፤ ‹ኦኬ› ወጣ። በማግሥቱ ዓመት ማርቲን ቫን ቡረን ለሁለተኛ ጊዜ ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደሩ፣ የትውልድ ቦታቸው ኪንደርሁክ ስለነበረ ደጋፊዎቻቸው ‹ኦልድ ኪንደርሁክ› እያሉ ‹ኦኬ›ን የምርጫ መፈክር አደረጉት። እሳቸው ተሸነፉ፤ ቃሉ አሸነፈ። ይህን በ1960ዎቹ ከድሮ ጋዜጣ ክምር አውጥተው ያስረዱት የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው አለን ዎከር ሪድ ናቸው። ተረትዎ የሚጠቅሰው የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት የተጀመረው በ1861 ነው፤ ‹ኦኬ› ያኔ ከተጻፈ 22 ዓመት ሆኖታል።

ልብ ይበሉ፣ ‹ኦኬ› በእርግጥ ከመጀመሪያ ፊደላት የተሠራ ነው። እሱን እውነት፣ የጎልፉን ተረት ያደረገው ወረቀቱ ነው። አንዱ ቀንና ጋዜጣ አለው፤ ሌላው አፍ ብቻ።

«‹ሂስትሪ› ‹ሂዝ ስቶሪ› ነው፤ የወንድ ታሪክ ማለት ነው!»

ግሪኩ ሄሮዶቱስ በሥራው መክፈቻ ዐረፍተ ነገር ‹ሂስቶሪያ› የሚለውን ቃል ሲጽፍ ክርስቶስ ሊወለድ ከ400 ዓመት በላይ ይቀረው ነበር፤ እንግሊዝኛ የሚባል ቋንቋም አልነበረም። የግሪኩ ቃል ምርመራ፣ ጠይቆ ማወቅ ማለት ነው። በላቲንና በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ እንግሊዝ ገባ። ‹ሂዝ› ከሌላ ወገን ነው። የሴቶች ታሪክ በመጻሕፍት መዘንጋቱ እውነት ነው፤ እውነቱን ለመናገር የሐሰት ሥር አያስፈልግም።

«እሺ ‹ፊሜል› ከ‹ሜል› ወጣ፤ ‹ዉመን›ም ከ‹ማን› ወጣ!»

‹ፊሜል› የመጣው ከፈረንሳይኛው ‹ፈመል› ነው፤ እሱም ከላቲኑ ‹ፌሜላ›፣ ትንሽ ሴት ከማለት። ከ‹ሜል› ጋር ዘር አይገናኝም። በድምፅ ስለተቀራረቡ እንግሊዞች ኋላ አጻጻፋቸውን አመሳሰሉት። ‹ዉመን› ደግሞ በጥንቱ እንግሊዝኛ ‹ዊፍማን› ነበር። ‹ዊፍ› ሴት፣ ‹ማን› ደግሞ ያኔ ሰው፤ ወንድም ሴትም። በሰባኪና በአነቃቂ ተናጋሪ ዘንድ ሴት ከወንድ ቃል ተቀንሳ መውጣቷ ይነገራል፤ ቃሉ ግን ሰው ይላታል።

ስለ ‹ዊፍ› ካነሣን አይቀር፣ በየጤና ጣቢያው «ወንድ ሆኖ ሚድዋይፍ!» ብለው የሚገረሙትም እርስዎ ነዎት። ‹ሚድ› በጥንቱ እንግሊዝኛ ‹ጋር› ማለት ነው፤ ‹ዋይፍ› ደግሞ ሴት። ሚድዋይፍ መጀመሪያ ከወላዷ ጋር ያለች ሴት ማለት ነበር፤ ዛሬ ግን የሙያ ስም ነው። ወንድ ቢሆን፣ ሴት ብትሆን፣ ቃሉ ላይ ምንም ችግር የለም። ወጣቱን አዋላጅ በስሙ አያሳፍሩት፤ የያዘው የሁለት ነፍስ አደራ ነው።

«‹ካንጋሩ› ‹አላውቅም› ማለት ነው፤ ኩክ ሲጠይቅ ያገሩ ሰው ‹አላውቅም› አለው!»

ካፒቴን ጄምስ ኩክ በ1770 መርከቡ ተጎድታ በሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያ ኤንዴቨር ወንዝ ዳር ሲያስጠግን ቃሉን ከጉጉ ይሚዲር ተናጋሪዎች ሰማ። የሥነ ሰብ ሊቁ ጆን ሃቪላንድ በ1970ዎቹ ከዚያው ሕዝብ ጋር ቋንቋውን አጥንተው ‹ጋንጉሩ› የአንድ ትልቅ የካንጋሩ ዓይነት ስም መሆኑን አረጋገጡ። ያገሬው ሰው ተጠየቀ፤ ያገሬው ሰው አውቆ መለሰ። በተረቱ ውስጥ አላዋቂ ተደርጎ መሣሉ ነው የሚያናድደኝ። ስለ እኛም እንዲህ ቢወራ ዝም አንልም ነበር፤ ስለ እነሱም ዝም አንበል።

«‹ሶከር› የአሜሪካኖች ብልግና ነው፤ ቃሉ ‹ፉትቦል› ነው!»

የኳስ ነገር ሲሆን ድምፅዎ ይጨምራል ጋሼ። የእንግሊዝ የእግር ኳስ ማኅበር የተመሠረተው በ1863 ነው። ‹ማኅበር› የሚለውን ‹አሶሲዬሽን› ከመሀሉ ቆርጠው፣ መጨረሻው ላይ ‹ኧር› ጨምረው ‹ሶከር› ያሉት በ1880ዎቹ የኦክስፎርድ ተማሪዎች ናቸው። ራግቢን ‹ራገር› እንዳሉት ማለት ነው። አሜሪካ ‹ፉትቦል› የሚለውን ስም ለሌላ ጨዋታ ሰጥታ ስለነበር የእንግሊዙን ቃል አቆየችው። አሜሪካ የሚኖር የእህትዎ ልጅ ‹ሶከር› ቢልዎ የተናገረው የኦክስፎርድ ቃል ነው።

እግረ መንገዴን፣ «‹ኦርጋናይዝ› በ‹ዜድ› ሲጻፍ አሜሪካ ነው» የሚሉትንም ልመልስ። የእንግሊዞች ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በ‹ዜድ› ነው የሚጽፈው፤ ምክንያቱም መድረሻው ከግሪክ የመጣ ነው። በ‹ኤስ›ም ይጻፋል፤ ብዙ የእንግሊዝ ጋዜጣ ይመርጠዋል። ሁለቱም ትክክል ነው። ተማሪው አንዱን መርጦ ከዳር እስከ ዳር ይጽና፤ እርስዎም ነጥቡን ይመልሱለት።

«በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ያለምክንያት የገባ አንድም ፊደል የለም!»

‹አይላንድ› ውስጥ ያለው ‹ኤስ› ምን ይሠራል? በጥንቱ አጻጻፍ አልነበረም። ‹አይል› የሚለው ሌላ ቃል ከላቲኑ ‹ኢንሱላ› የመጣ ስለሆነ፣ ጸሐፊዎች ሁለቱን ዘመድ መስሏቸው ያለዘሩ ‹ኤስ› ጨመሩበት። ‹ዴት› ውስጥ ያለውም ‹ቢ› እንዲሁ ነው። ቃሉ ከፈረንሳይኛ ያለ ‹ቢ› መጥቶ፣ ላቲን የሚያደንቁ ሰዎች ‹ዴቢቱም›ን አስታውሰው ከተቱበት። የማይነበብ ፊደል ለዘመናት ተማሪ ይቀጣል። ልጁ ሲረሳው «ሰነፍ» ከማለት ይልቅ ይህን ታሪክ ይንገሩት፤ ከዚያ በኋላ አይረሳውም።

«‹ኮፊ› ከካፋ መጣ፤ ‹ቢን›ም ከቡና መጣ፤ እዚህ ላይ እንኳ እመነኝ!»

ጋሼ፣ አገርዎን ስለሚወዱ ነው፤ እኔም እወዳታለሁ። ስለዚህ ለአገራችን የሚበረክት ክርክር እንያዝ። በጽሑፍ የሚታየው መንገድ ይህ ነው፤ የአረብኛው ‹ቀህዋ›፣ የቱርኩ ‹ካህቬ›፣ የደቹ ‹ኮፊ›፣ ከዚያ እንግሊዝኛው። ‹ቀህዋ› ከካፋ መጣ የሚለው ግምት ነው፤ የጥንት የአረብ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ቃሉ ቀድሞ ለወይን ጠጅ ይነገር እንደነበር ጽፈዋል። ‹ቢን› ደግሞ የለየለት የእንግሊዝ ባቄላ ነው። ፓስካ ሮዜ በ1652 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ቡና ቤት ሲከፍት ‹ቢን› የብዙ መቶ ዓመት ቃል ነበር።

ካፋ በዚህ ምን አጣ? ምንም! የአረቢካ ቡና መገኛ የኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ደን ነው። ዛፉ ዛሬም በዱር ይበቅላል፤ የካፋ ደን በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ዛፍ ያለው ሰው በፊደል መመሳሰል አይከራከርም። የውጭ ሰው ‹ኮፊ› የሚለው ቃል ከአረብኛ መሆኑን አስረድቶ ቢረታዎ፣ ቡናውም የእኛ እንዳልሆነ አድርጎ ሊያልፍ ነው። ደካማ ማስረጃ ጠንካራውን እንዳያስጥልብን እንጠንቀቅ።

«እንግዲያው ‹ኒገስ› የሚለውን የእንግሊዞች መጠጥ በንጉሣችን ስም ሰይመውታል!»

የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሁለት ‹ኒገስ› አለው። አንዱ በእርግጥ የእኛው ንጉሥ ነው፤ የኢትዮጵያ ገዥ ማዕረግ ብሎ ይፈታዋል። ሁለተኛው ወይን ጠጅ ከሙቅ ውሃ፣ ከሎሚና ከስኳር ጋር ተደባልቆ የሚጠጣ ነው። ደራሲው ዲከንስ በገና ታሪኩ ግብዣ ላይ አቅርቦታል፤ ሻርሎት ብሮንቴም በጄን ኤር ውስጥ። ስሙን ያገኘው ግን በ1732 ከሞተው ከኮሎኔል ፍራንሲስ ኒገስ ነው። አጻጻፉም ድምፁም አንድ ነው፤ ዝምድና ግን የላቸውም። ሁለት ቃል ስለተመሳሰለ ብቻ አንድ ቤተሰብ አይሆንም። ከዚህ የበለጠ ምስክር አላመጣልዎም።

«ታዲያ እንግሊዝኛ ሕግ የለውም? እንደፈለገን እንናገር?»

አለው እንጂ! ቅጽል ከስሙ ይቀድማል፤ ‹ሃውስ ቢግ› የሚል እንግሊዛዊ የለም፤ ሦስት ዓመት የሆነው ልጅም አይለውም። ‹ሂ ጎ› ብሎ የጻፈ ተማሪ ይታረም፤ መደበኛው እንግሊዝኛ ‹ሂ ጎዝ› ነው፤ ለሥራ ማመልከቻውም ያስፈልገዋል። ሕግ ማለት የቋንቋው ባለቤቶች ሳይነገራቸው የሚጠብቁት፣ ጸሐፊዎቻቸውም በሥራቸው የሚመሰክሩለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ የጽሑፍ ወግ አለ፤ ለፈተና፣ ለደብዳቤ፣ ለፍርድ ቤት የሚሆን። እሱንም «ለዚህ ቦታ ይህ ይስማማል» ብሎ ማስተማር ያስፈልጋል። ሦስተኛው ግን የአንድ ሰው ምርጫ ሆኖ ሳለ በዘመን ብዛት ሕግ መስሎ የተቀመጠው ነው። ሦስቱን የማይለይ አራሚ ተማሪውን የሚያስፈልገውን አላስተማረውም፤ የማያስፈልገውን አስፈራርቶበታል።

መምህራን ሆይ፣ ቀይ እስክሪብቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጥሩ መዝገበ ቃላት ግለጡ፤ ቃሉ መቼ እንደተጻፈ ይነግራችኋል። ወላጆች፣ ልጃችሁ እንግሊዝኛ ሲሞክር በእንግዳ ፊት አታቋርጡት፤ ጨርሶ ይናገር፣ ስህተቱን ኋላ ለብቻው ንገሩት። አንባቢዬ፣ አንተም አንቺም፣ ነገ አንድ ጋሼ «ሕጉ ይህ ነው፣ ምንጩ ያ ነው» ቢላችሁ በአክብሮት ሁለቱን ጥያቄዎች አቅርቡ፤ ማን አወጣው? መቼ ተጻፈ? መልስ ካላቸው ተማሩ። መልስ ከሌላቸው ሳትሸማቀቁ ንግግራችሁን ቀጥሉ።